ስለ ተዛመተ ነቀርሳ፤ ጨረርና የሰውነት ዘበኛ ባንድነት ስለሚሠሩበት ሕክምና

በቤተ ሰብ መካከል ከሚሰሙት ቃሎች ሁሉ እጅግ የሚከብደው፥ ሐኪሙ የበሽተኛውን ዘመዶች ለብቻቸው ጠርቶ «ነቀርሳው ተዛምቷል» ብሎ የሚነግራቸው ቃል ነው። ይህ ቃል በተሰማ ጊዜ ከዘመዶቹ አንዳንዱ ነገሩን ከበሽተኛው ሸሽጎ በጓዳ ያለቅሳል፤ አንዳንዱም ተስፋ ቈርጦ በሽተኛውን ከሐኪም ቤት አውጥቶ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ሌላውም ርስቱንና ከብቱን ሸጦ ያልተመረመረ መድኀኒት ለሚያቀርብ ሰው ገንዘቡን ይሰጣል። እኛም ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው፥ ከነዚህ ከሦስቱ የተለየ አንድ መንገድ እንዳለ ለማስረዳት ነው፤ ይኸውም ነገሩን በሚዛን መዝኖ ተስፋን እንደ ልኩ መያዝ ነው። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነን፥ የጨረርን ሕክምናና የሰውነትን ዘበኛ የሚያነቃውን ሕክምና አንድ አድርጎ ስለ መስጠት ሊቃውንት የደረሱበትን እንገልጻለን። በዚህ ጽሕፈት የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ስማቸው ከታወቀ ከአንድ ሰው እንጀምር። ቀድሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ለአገራችን እንግዳ ሰው አልነበሩም። በ1989 በኢትዮጵያ መንግሥትና በኤርትራ ሕዝብ ነጻነት ግንባር መካከል በአትላንታ ከተማ የተደረገውን የዕርቅ ንግግር በሽምግልና የመሩ እርሳቸው ናቸው፤ ያቋቋሙትም ማኅበር ትራኮማ የሚባለውን ዐይን የሚያጠፋ በሽታ ለመከላከል በአማራ ክፍል ብዙ ዓመት ደክሟል። እኒህ ሰው በ2015 በኦገስት ወር፥ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ሆኖ ሳለ፥ ከጉበታቸው ላይ ዕጢ በቀዶ ጥገና ወጣላቸው። ዕጢውም ሲመረመር ሜላኖማ የሚባለው፥ አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳ የሚነሣው ክፉ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ቈይቶም በአንጎላቸው ውስጥ አራት ትንንሽ ነጠብጣቦች ታዩ። አባታቸው፥ ወንድማቸውና ሁለት እኅቶቻቸው በቆሽት ነቀርሳ ሞተውባቸው ነበርና፥ የዚህ ደዌ ስም በቤታቸው ምን ያህል የሚያስፈራ እንደ ነበረ ለማንም ግልጥ ነው።

ዳሩ ግን ካርተር ነገሩን አልሸሸጉም፤ ሕዝቡን ሰብስበው በገዛ አፋቸው ተናገሩ። በዚያው ቀን አንጎላቸው ላይ ለነበሩት ነጠብጣቦች የጨረር ሕክምና ተጀመረላቸው፤ ከዚህም ጋራ ፔምብሮሊዙማብ የሚባለው የሰውነትን ዘበኛ የሚያነቃ መድኀኒት ይሰጣቸው ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር፥ በትውልድ መንደራቸው በፕሌንስ ዘወትር እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ በሚያስተምሩበት ቤተ ክርስቲያን፥ በአንጎላቸው የነቀርሳ ምልክት እንዳልተገኘ ለጉባኤው ነገሩ። በ2016 በማርች ወርም መድኀኒቱ ተቋረጠላቸው። ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው በ2024 በዲሴምበር 29 ቀን፥ መቶ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ዐረፉ።

ይህን የሚሰማ ሁሉ ደስ ይለዋል። ነገር ግን በችሎት ፊት አንድ ምስክር ብቻውን ፍርድን እንደማያጸና፥ በሕክምናም ነገር የአንድ ሰው መዳን ለሁሉ ሕግ አይሆንም። ለካርተር ቢላዋም፥ ጨረርም፥ መድኀኒትም ተሰጥቷቸዋልና፥ ከሦስቱ የትኛው ምን ያህል እንደ ረዳቸው ለይቶ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለቱ ሕክምናዎች እንዴት እንደሚሠሩ፥ ቀጥሎም የብዙ ሰዎች ምርመራ ምን እንደሚመሰክር ማየት ይገባናል።

ነቀርሳ ከውጭ የገባ ጠላት አይደለም፤ ከገዛ ሥጋችን የተወለደ አመፀኛ ነው። ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ በዐይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱም ሕዋስ የሚያድግበትና የሚያቆምበት ሕግ አለው። ከነዚህ አንዱ ሕጉን ጥሶ ያለ መጠን በተባዛ ጊዜ ዕጢ ይሆናል። ዕጢው በተነሣበት ስፍራ ብቻ ሳለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ቈርጦ ሊያወጣው ይችላል፤ ዘሩ ግን በደም ሥር ተጉዞ በጉበት፥ በሳንባ፥ በአጥንት ወይም በአንጎል በወደቀ ጊዜ፥ ቢላዋ ሁሉን ተከትሎ ሊደርስበት አይችልም። ተዛመተ ማለትም ይህ ነው።

ጨረርም እንደ ቢላዋ የአንድ ስፍራ መሣሪያ ነው። የጀርመኑ ሊቅ ዊልሄልም ሮንትገን ኤክስ ሬይ የተባለውን ጨረር በ1895 አገኘ፤ በ1898ም ማሪ ኩሪና ባልዋ ፒየር ኩሪ በፓሪስ ራዲየምን አገኙ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ጨረርን ለነቀርሳ መድኀኒት አድርገው ሲሠሩበት ኖረዋል። ጨረሩ በሕዋሱ ውስጥ የመራባት ትእዛዝ የተጻፈበትን ጅማት ይበጥሰዋል፤ ትእዛዙ የተበጠሰበትም ሕዋስ መራባት ተስኖት ይሞታል። ጨረሩ ባልደረሰበት ስፍራ ያለው ዕጢ ግን እንደ ነበረ ይቀራል ተብሎ ብዙ ዘመን ይታመን ነበር።

በሰውነት ውስጥ ሁሉ የሚዘዋወር፥ የማይደርስበትም ስፍራ የሌለው ሌላ ሠራዊት አለ፤ ይኸውም በደማችን ውስጥ ያሉት ነጫጭ ሕዋሳት ናቸው። ከነዚህ መካከል ቲ ሴል የሚባሉት የታመመውን ሕዋስ ከጤነኛው ለይተው የሚገድሉ ዘበኞች ናቸው። እነዚህን ዘበኞች በነቀርሳ ላይ ለማስነሣት ቀደም ብለው ከደከሙት አንዱ በኒው ዮርክ የነበረው የቀዶ ጥገና ሐኪም ዊልያም ኮሊ ነው። ኮሊ የአጥንት ነቀርሳ የያዛት አንዲት የ17 ዓመት ልጅ እጅዋን ቈርጦ እንኳ ሊያድናት ስላልቻለ፥ በ1891 በሞተች ጊዜ እጅግ አዘነ። የቀድሞ በሽተኞችንም መዝገብ ሲመረምር፥ በአንገቱ ላይ ዕጢ የነበረበት አንድ ሰው ቆዳ የሚያቀላ ብርቱ ትኩሳት ከያዘው በኋላ ዕጢው ጠፍቶ እንደ ዳነ አገኘ። ከዚህም ተነሥቶ የዚያን ትኩሳት ዘር ሆን ብሎ በበሽተኞች ሰውነት ያስገባ ጀመር። አንዳንዶቹ ዳኑ፥ ብዙዎቹ አልዳኑም።

የዚህ ታሪክ የሚያስገርመው ክፍል እንዲህ ነው። ኮሊ ይሠራበት በነበረው በሜሞሪያል ሆስፒታል ጀምስ ዩዊንግ የሚባል ታላቅ የደዌ መርማሪ ነበረ፤ እርሱም የራዲየምና የጨረር ወዳጅ ስለ ነበረ የኮሊን ሕክምና ይቃወም ነበር። ኮሊ በ1936 በሞተ ጊዜ ሥራው ከሞላ ጐደል ተረስቶ ጨረር ብቻውን ሜዳውን ያዘ። እንዲህ ባንድ ጣራ ሥር ባላጋራ የነበሩት ሁለቱ ሕክምናዎች ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያው ሆስፒታል ሲታረቁ ወደ ፊት እናያለን።

ዘበኞቹ ነቀርሳን ለምን ዝም ብለው እንደሚያዩት የታወቀው በኛ ዘመን ነው። ሰውነት ዘበኞቹ ያለ መጠን ተቈጥተው ጤነኛውን ሥጋ እንዳይጐዱ ልጓም አበጅቶላቸዋል፤ ነቀርሳም ይህንኑ ልጓም ለራሱ ጥቅም ይስበዋል። አሜሪካዊው ጀምስ አሊሰን ሲቲኤልኤ 4 የሚባለውን ልጓም፥ ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ደግሞ ፒዲ 1 የሚባለውን መርምረው፥ ልጓሙ ቢፈታ ዘበኞቹ ነቀርሳን ሊያጠቁት እንደሚችሉ አስረዱ። አሊሰን ገና ልጅ ሳለ እናቱን በነቀርሳ ያጣ ሰው ነው። ሁለቱም በ2018 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የመጀመሪያውን ልጓም የሚፈታው ኢፒሊሙማብ የተባለው መድኀኒት በአሜሪካ በ2011 ተፈቀደ፤ ሁለተኛውን የሚፈቱት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ደግሞ በ2014 ተፈቀዱ።

እንግዲህ ጨረርና ይህ መድኀኒት የሚገናኙበትን ነገር በምሳሌ እንግለጠው። ወንበዴ የጨዋ ልብስ ለብሶ በገበያ መካከል ሲሄድ ዘበኛ አያውቀውም፤ ነቀርሳም የዘመድ ልብስ እንደ ለበሰ ወንበዴ ነው። ጨረር አንዱን ዕጢ መትቶ በሰበረው ጊዜ ግን በውስጡ ተሸሽጎ የነበረው ምልክት ወደ ውጭ ይፈስሳል። የሰውነት ቃፊሮች ይህን ምልክት አንሥተው ዘበኞች ወደሚሰበሰቡበት ወደ ንፍፊት ዕጢዎች ይወስዱታል፤ ልክ የወንጀል ኤግዚቢት ወደ ችሎት እንደሚቀርብ ማለት ነው። ዘበኞቹም የወንበዴውን መልክ ተምረው በመላው ሰውነት ይሰማራሉ፤ ጨረር ባልነካው ስፍራ ያለውንም ዕጢ በመልኩ ያውቁታል። በዚህ ጊዜ መድኀኒቱ ልጓማቸውን ከፈታላቸው ኀይላቸው ይበረታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ ሁለቱ አብረው ብቻቸውን የማይችሉትን ያደርጉ ይሆናል የሚለው አሳብ ከዚህ የመጣ ነው።

ጨረር ከተተኰሰበት ርቆ ያለ ዕጢ ሊቀልጥ እንደሚችል ለነገሩ ስም የሰጠው እንግሊዛዊው ሞል ነው፤ በ1953 ከላቲን ቋንቋ ወስዶ «አብስኮፓል» አለው፤ ከታለመበት ርቆ ማለት ነው። ነገሩ ግን እጅግ ብርቅ ነበር። ከ1969 እስከ 2014 በሕክምና መጽሔቶች የወጡትን ሊቃውንት ሰብስበው ቢቈጥሩ፥ በጨረር ብቻ እንዲህ የሆነላቸው በሽተኞች 46 ብቻ ሆነው ተገኙ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ጨረር የተሰጣቸው ሰዎች ስንት ሚሊዮን እንደሚሆኑ ያሰበ ሰው ይህ ቍጥር ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ያስተውላል። በ2004 ሳንድራ ዴማሪያና ሲልቪያ ፎርሜንቲ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ሊቃውንት በኒው ዮርክ አይጦችን መርምረው፥ ይህ ነገር የሚሆነው በቲ ሴሎች ኀይል እንደ ሆነ አስረዱ፤ ቲ ሴል በሌላቸው አይጦች ዘንድ ሩቅ ያለው ዕጢ ምንም አልቀነሰምና።

ከዚያም በ2012 ታላቅ ስም ባተረፈ የሕክምና መጽሔት የአንዲት ሴት ታሪክ ታተመ። ሴቲቱ ሜላኖማ ተዛምቶባት ኢፒሊሙማብ ስትወስድ ሳለ ዕጢዎቿ እያደጉ ሄዱ። በ2010 መጨረሻ በአከርካሪዋ አጠገብ ለነበረው ለአንዱ ዕጢ ብቻ፥ በሰባት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ጨረር ተሰጣት። ከወራት በኋላ ጨረር የነካው ዕጢ ቀነሰ፤ ነገር ግን ጨረር ከቶ ያልደረሰባቸው፥ በጣፊያዋና በሳንባዋ ሥር የነበሩትም ቀነሱ። ይህ የሆነበት ሐኪም ቤት የኮሊና የዩዊንግ ሜሞሪያል ሆስፒታል ወራሽ የሆነው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ነው። ባላጋራዎቹ የታረቁት እንግዲህ በዚያ ነው። በ2018ም እነፎርሜንቲ የሳንባ ነቀርሳ ለተዛመተባቸው 39 በሽተኞች ጨረርና ኢፒሊሙማብ ሰጥተው፥ በሰባቱ ዘንድ ጨረር ያልነካቸው ዕጢዎች በጕልህ እንደ ቀነሱ ገለጹ። ኢፒሊሙማብ ብቻውን በዚህ ዓይነት ነቀርሳ ላይ የረባ ሥራ ሠርቶ አያውቅም ነበርና፥ ይህ ወሬ ብዙ ተስፋ ቀሰቀሰ።

ይሁን እንጂ የሚያስደስተውን ብቻ ጽፈን የሚያሳዝነውን ብንተው አንባቢዎቻችንን እናሳስታለን። አንድን ሕክምና በእውነት ለመመዘን በሽተኞችን በዕጣ በሁለት ወገን ከፍሎ፥ ላንዱ ሰጥቶ ለሌላው ሳይሰጡ ማነጻጸር ያስፈልጋል። በዚህ ሚዛን ሲቀመጥ ነገሩ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። የፕሮስቴት ነቀርሳ ወደ አጥንታቸው የተዛመተባቸው 799 ወንዶች ሁሉም ጨረር ተሰጥቷቸው፥ እኩሌቶቹ ኢፒሊሙማብ ሲወስዱ እኩሌቶቹ አልወሰዱም፤ በ2014 በወጣው ውጤት የመካከለኛው ዕድሜ 11.2 ወርና 10 ወር ሆኖ ልዩነቱ አንድ ወር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በርግጥ ከመድኀኒቱ የመጣ ነው ለማለት አልተቻለም። ቈይቶ በ2020 በታተመው ቈጠራ ግን አምስት ዓመት የኖሩት መድኀኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 8 ያህል፥ ካልወሰዱት ከመቶ 3 ያህል ሆኑ። ይህም ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን፥ ለነዚያ ጥቂቶች ግን ታላቅ የሆነ ጥቅም ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል።

በሆላንድም የተዛመተ የሳንባ ነቀርሳ ያላቸው 76 በሽተኞች ተመረመሩ። በ2019 በታተመው ውጤት፥ ፔምብሮሊዙማብ ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 18፥ ጨረር ከተጨመረላቸው ደግሞ ከመቶ 36 ዕጢያቸው ቀነሰ፤ እንዲህም ሆኖ መርማሪዎቹ አስቀድመው ከወሰኑት መጠን አልደረሰም። በ2021 በታተመው፥ የራስና የአንገት ነቀርሳ በተዛመተባቸው 62 በሽተኞች በተደረገው ምርመራ ግን ጨረር በኒቮሉማብ ላይ መጨመሩ ምንም የጐላ ጥቅም አልሰጠም። ሁለቱን ሕክምና አከታትሎ መስጠት ከሁሉ ይልቅ በጕልህ የጠቀመው ነቀርሳው ገና ሩቅ ሳይሄድ በደረት ውስጥ ተወስኖ ለያዛቸው የሳንባ በሽተኞች ነው፤ ከጨረርና ከኬሞቴራፒ በኋላ ዱርቫሉማብ የወሰዱት ከመቶ 43 ያህል አምስት ዓመት ሲኖሩ፥ ካልወሰዱት የኖሩት ከመቶ 33 ያህል ናቸው። ይህም ቶሎ መመርመር ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳያል።

ውጤቱ እንዲህ የተለያየበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ጨረር ወንበዴውን ቢመታም ቲ ሴሎች ራሳቸው በጨረር ቶሎ የሚሞቱ ናቸውና፥ ሰፊ ቦታ ላይ ከተሰጠ ዘበኞቹን ያሳንሳቸዋል። ደግሞም በአይጦች እንደ ታየው በአንድ ጊዜ ከተሰጠ ብርቱ ጨረር ይልቅ ሦስት ጊዜ ተከፍሎ የተሰጠው ዘበኞቹን ይበልጥ አነቃቸው። ጨረሩ የትኛው ዕጢ ላይ ይሰጥ፥ መድኀኒቱስ ይቅደም ወይስ ይከተል የሚለው ጥያቄም ገና አልተፈረደም።

ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ይህ ነገር በቤታችሁ የደረሰባችሁ እንደ ሆነ ሐኪሙን ልትጠይቁት የሚገባ አራት ነገር አለ። አንደኛ፥ የሕክምናው አሳብ ለማዳን ነውን፥ ዕድሜ ለመጨመር ነውን፥ ወይስ ሕመም ለማስታገሥ? ሁለተኛ፥ ዕጢው ተመርምሮ ለዚህ መድኀኒት የሚመች ምልክት ተገኝቶበታልን? ሦስተኛ፥ ሁለቱን ማጣመር ለዚህ ነቀርሳ የጸና ሥርዐት ሆኗልን፥ ወይስ ገና በምርመራ ላይ ነው? አራተኛ፥ በሽተኛው ሌሊት ቢያመው የምንጠራው ማንን ነው? መድኀኒቱ ዋጋው እጅግ ከባድ ነውና፥ የነዚህን መልስ ሳትሰሙ ርስት መሸጥ አይገባም።

ልጓሙ የተፈታለት ዘበኛ ጤነኛውን ሥጋም ሊነክስ ስለሚችል፥ አስታማሚ ነቅቶ መጠበቅ አለበት። ተቅማጥ ቢበዛ፥ ትንፋሽ ቢያጥር፥ አዲስ ሳል ቢነሣ፥ ዐይን ቢጫ ቢሆን፥ ወይም ብርቱ ድካም ቢመጣ «የበሽታው ጠባይ ነው» ብሎ ዝም ማለት አደጋ ነው። ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላ እንኳ ቢሆን በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር፤ ቶሎ ከተደረሰበት አብዛኛው ይመለሳልና። በደረት ላይ ጨረር የተቀበለ ሰው የትንፋሹ ነገር ይልቁንም ይጠበቅለት። ከዚህ በቀር ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጠው ጨረር በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ በሽተኛው ልጆቹን ቢያቅፍ፥ ከቤተ ሰቡም ጋራ በአንድ ማዕድ ቢቀመጥ ማንንም አይጐዳም። ይህን ባለማወቅ በሽተኛውን ለብቻው የሚያስተኙ ቤቶች አሉና፥ ይህ ልማድ ይቅር።

ሁለቱን ማጣመር ለማይሆንለትም ሰው ቢሆን ሕክምና አልቀረም። ነቀርሳ ወደ አጥንቱ ገብቶ ሌሊት እንቅልፍ ለነሣው በሽተኛ፥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ብዙውን ጊዜ ሕመሙን ያቀልለታል። «ተዛምቷል» ማለት «ምንም አይደረግም» ማለት አይደለም።

በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ፕሬዚዳንት ካርተር ስለ በሽታቸው በአደባባይ የተናገሩት እድናለሁ ብለው ርግጠኛ ሆነው አልነበረም፤ በዚያን ቀን ስንት ጊዜ እንደሚኖሩ ማንም አያውቅም ነበር። እኛም ከዚህ የምንማረው ይህን ነው፤ በሽተኛው ስለ ገዛ ሰውነቱ እውነቱን ሰምቶ ከሐኪሙና ከቤተ ሰቡ ጋራ ይምከር፤ ቤተ ሰቡም ከተስፋ መቍረጥና ከከንቱ ተስፋ መካከል ያለውን መንገድ ይዞ አጠገቡ ይቀመጥ። መድኀኒቱ ለሁሉ ባይደርስ፥ ይህ ግን በያንዳንዱ ቤት ሊደረግ የሚቻል ነው።